ላልበራ መብራት የተከፈለ ዕዳ

የዕለት እንጀራዬ የብድር መዝገብ ነው። ቀን ቀን በባንክ ቤት ተቀምጬ የሰው ተስፋ ወደ ቁጥር ሲለወጥ አያለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ቁጥሩን ወደ ቃል ለመመለስ እታገላለሁ። የዓለም ባንክ በጁን 2025 ለኑክሌር ኃይል ማመንጫ ላለማበደር ይዞት የኖረውን እገዳ ማንሣቱን ስሰማ ሐሳቤ የሄደው እንግዲህ ወደ ሳይንሱ ሳይሆን ወደ መዝገቡ ነበር። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።) ባንኩ ከዚያ በፊት ለዚህ ዓይነት ጣቢያ ያበደረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1959 ለጣሊያን።

ኑክሌር ዳግም የዓለም መነጋገሪያ ሆኗል። በ2023 መጨረሻ ዱባይ ላይ ከ20 የሚበልጡ መንግሥታት እስከ 2050 ድረስ የኑክሌር ኃይልን በሦስት እጥፍ ለማሳደግ ቃል ገቡ። አገራችንም በሴፕቴምበር 2025 ጣቢያ ለመገንባት በሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ላይ ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር ተፈራርማለች። አንዱ የአየር ንብረትን፣ ሌላው ቼርኖቢልን እየጠራ ይሟገታል። እኔ ግን፣ ወዳጆቼ፣ ስለ አንድ አሮጌ ብድር ላጫውታችሁ።

በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ሲነካ የፊሊፒንሱ ገዢ ፈርዲናንድ ማርኮስ በባታን ባሕረ ገብ መሬት የኑክሌር ጣቢያ እንዲሠራ ወሰኑ። የአሜሪካው ዌስቲንግሃውስ መጀመሪያ ያቀረበው ዋጋ ለሁለት ማመንጫዎች 500 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በመጨረሻ የተሠራው ግን አንድ ብቻ ነው፤ ዋጋውም ከ2 ቢሊዮን ዶላር አለፈ። ከአበዳሪዎቹ ዋነኛው የአሜሪካ መንግሥት ኤክሲም ባንክ ነበር። የማርኮስ የቅርብ ወዳጅ የነበረው ነጋዴ ሄርሚኒዮ ዲሲኒ ውሉን በማስገኘቱ ኮሚሽን መቀበሉ ከብዙ ዓመታት በኋላ በፍርድ ቤት ተረጋገጠ። በእኔ መሥሪያ ቤት ዋጋው እንዲህ አራት እጥፍ የሚያድግ ሰነድ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ፣ አንድ ጊዜ «ቆይ፣ ቁጭ በል» ይባላል።

ግንባታው በ1976 ተጀመረ። በ1979 በአሜሪካ የስሪ ማይል አይላንድ አደጋ ሲደርስ ሥራው ቆመ፤ አጣሪ ኮሚሽንም ጉድለቶችን ዘረዘረ፤ ከዚያ ተቀጠለ። ጣቢያው የተተከለው ናቲብ በተባለው እሳተ ገሞራ ግርጌ፣ ከባሕሩ ዳር ነው። የአካባቢው ሕዝብ በጁን 1985 ለ3 ቀናት ሥራ አቁሞ፣ መንገድ ዘግቶ ተቃወመ። በፌብሩዋሪ 1986 ማርኮስ ከሥልጣን ወረዱ፤ በኤፕሪል ቼርኖቢል ፈነዳ። አዲሲቱ ፕሬዚዳንት ኮራዞን አኩዊኖ 621 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራውን ጣቢያ ሳይለኩሱት ዘጉት። የተገዛው ነዳጅም በኋላ ተሸጠ።

ዕዳው ግን አልተዘጋም። የሠራው መንግሥት ሲወድቅ፣ የዘጋው መንግሥት ከፈለ፤ ቀጥሎ የመጣውም ከፈለ፤ የመጨረሻው ክፍያ የተፈጸመው በኤፕሪል 2007 ነው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይባላል፤ የሰማይ ላም ግን ቢያንስ መኖ አትጠይቅም። የባታኗ ላም ከ20 ዓመት በላይ ስትቀለብ ኖራ አንዲት አምፖል አላበራችም።

ፈራጅ እንዳልመስል የሌላውን ወገን መዝገብም ልግለጥ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ማኒላ በቀን ለብዙ ሰዓታት ትጨልም ነበር፤ መንግሥትም በጭንቀት ከግል አመንጪዎች ጋር ውድ ውሎችን ተዋዋለ፤ የዚያም ዕዳ ለሕዝብ ተረፈ። የባታን አምሳያ የሆኑት ደግሞ፣ በስሎቬኒያ ክርሽኮ፣ በብራዚል አንግራ፣ በ1980ዎቹ ሥራ ጀምረው ለአሥርት ዓመታት አብርተዋል። ማሽኑ ያው ማሽን ነው። ያልበራው የተዋዋሉት ሰዎች እምነት ስላጡ ይመስለኛል፤ በጉቦ የተጀመረን ነገር መሐንዲሱ ቢምልበት ማን ያምነዋል? ለዚህ ነው የባታንን ተቃዋሚዎች «አላዋቂዎች» ብሎ ማለፍ የማልችለው። በ1991 ብዙም ሳይርቅ የፒናቱቦ ተራራ ሲፈነዳ ፍርሃታቸው ባዶ እንዳልነበር ታይቷል።

አሁን ጉዳዩ ተመልሷል። በ2022 የተመረጡት ፕሬዚዳንት የማርኮስ ልጅ፣ በአባታቸው ስም የሚጠሩት ፈርዲናንድ ማርኮስ ታናሹ ናቸው፤ ኑክሌርን ይደግፋሉ። ከግማሽ በላይ መብራቷን ከድንጋይ ከሰል ለምታገኝ አገር ክርክራቸው ቀላል አይደለም። በኦክቶበር 2024 የደቡብ ኮሪያ የኑክሌር ኩባንያ አሮጌው ጣቢያ ሊነሣ ይችል እንደሆነ ለማጥናት ተፈራረመ።

ስለ ባታን ግጥም ለመጻፍ ሞክሬ ነበር፤ ቁጥሩ ቤት አልመታ አለኝ። ከ2011 ጀምሮ ጣቢያው ለጎብኚ ተከፍቷል። ብሄድ እንኳ ማየት የምሻው ሌላ ነገር ነው፦ እኛ ዘንድ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ሁሉ በቅጹ ላይ «የክፍያ ምክንያት» የሚል መስመር ይሞላል። በኤፕሪል 2007 የመጨረሻውን ክፍያ የመዘገበውን ጸሐፊ ባገኘው፣ በዚያች መስመር ላይ ምን ብሎ እንደጻፈ እጠይቀው ነበር።