ወደ ግራ ሲዞር የሚጠብቀው ቀለበት

ያገለገለ ብስክሌት ገዝታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ለትምህርት በሄድኩበት የአውሮፓ ከተማ አንድ ገዝቼ ነበር። ፊክስድ ጊር የሚባለው ዓይነት ነው፤ ፔዳሉና የኋላ ጎማው እንደተሳሰሩ ይዞራሉ። ጎማው እስከዞረ ድረስ እግራችሁም ይዞራል፣ ማረፍ የሚባል ነገር የለም። ፍጥነት መቀነስ ስትፈልጉ ፔዳሉን ወደ ኋላ ትጫኑታላችሁ። በሦስተኛው ቀን ቁልቁለት ላይ እንደዚያ ስጫን "ቀጭ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ፔዳሉ በባዶው ወደ ኋላ ዞረ፤ ጎማው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ መስቀለኛው መንገድ መሮጡን ቀጠለ። ደግነቱ የፊት ፍሬን ነበረው።

ማታ የኋላውን ጎማ ፈታሁት። የተበላሸውን ነገር ለማግኘት አንድ ሰዓት አልፈጀብኝም። ለምን እንደተበላሸ ለመረዳት ግን ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ መመለስ ነበረብኝ።

በ1860ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ፓሪስ ውስጥ የተሠሩት ባለፔዳል ብስክሌቶች ካቴና አልነበራቸውም። ፔዳሉ በቀጥታ የፊት ጎማው ሞዞ ላይ፣ ማለትም የጎማው እምብርት ላይ ነበር የሚታሰረው። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ብቻ ይዞራል። ታዲያ መፍጠን የፈለገ ሰው ምን ያድርግ? ጎማውን ማሳደግ ነዋ! በ1870ዎቹ የፊት ጎማው ዲያሜትር እስከ 1.5 ሜትር ደረሰ። በአንድ ዙር 4.7 ሜትር ያህል ይጓዛል ማለት ነው። ከዚያ ከፍታ በግንባር መውደቅ ምን እንደሚመስል ለእናንተ ልተወው።

ሃንስ ሬኖልድ በ1880 ማንችስተር ውስጥ ጠንካራና ለስላሳ አዟዟር ያለው ካቴና ሠራ። በ1885 ደግሞ ጆን ኬምፕ ስታርሊ ኮቨንትሪ ላይ ሮቨር የተባለውን ብስክሌት ይዞ ብቅ አለ። ጎማዎቹ ተቀራራቢ መጠን ያላቸው፣ ካቴናው የኋላውን ጎማ የሚያዞር፣ ዛሬ ብታዩት ወዲያው ብስክሌት ነው የምትሉት ዓይነት። አሁን ፍጥነት የሚወሰነው በጎማው ትልቅነት ሳይሆን በጥርሶቹ ቁጥር ሆነ። ከፊት 48 ጥርስ፣ ከኋላ 16 ጥርስ ካለ፣ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር የኋላው ጎማ ሦስት ጊዜ ይዞራል።

የእኔ ችግር የተደበቀው እዚህ ጋ ነው። ከኋላ ያለው ጥርሳም ቀለበት (ኮግ ይሉታል) ሞዞው ላይ የሚያዘው እንደ ዳዶ በመጠምዘዝ ነው። ወደ ፊት ስትነዱ ካቴናው ኮጉን በሚጠብቅበት አቅጣጫ ይጎትተዋል፣ ስለዚህ በነዳችሁ ቁጥር ይበልጥ ይጠብቃል። በጣም ቆንጆ ነው። ወደ ኋላ ስትጫኑስ? ያው ካቴና ኮጉን ሊፈታው ይታገላል።

መፍትሔው በጣም ብልህ ነው፤ እኔ በበኩሌ ከብስክሌት ክፍሎች ሁሉ የምወደው ይህንን ነው። ሞዞው ላይ ሁለት ደረጃ ያለው ጥምዝ ይወጣል። የመጀመሪያው 34.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፣ ኮጉ እዚያ ይገባል። ቀጥሎ ያለው ትንሽ ጠበብ ይላል፣ 32.8 ገደማ፤ ጥምዙም የተገላቢጦሽ ነው። እዚህኛው ላይ ወደ ግራ ሲዞር የሚጠብቅ መቆለፊያ ቀለበት ይታሰራል። አሁን አስቡት፦ ኮጉ ልፈታ ብሎ ወደ ግራ ሲዞር ቀለበቱን ይዞት ሊዞር ይሞክራል። ቀለበቱ ደግሞ ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል። ኮጉ ለማምለጥ በሞከረ ቁጥር የራሱን በር ይቆልፋል!

ከዚያ ፍሪዊል መጣ፤ ወደ ፊት ብቻ የሚይዝ፣ ወደ ኋላ በነጻ የሚዞር ማለት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ተስፋፋ፣ እግርም አረፈ። ፍሪዊል ወደ ኋላ ምንም ስለማይጎትት መቆለፊያ ቀለበት አያስፈልገውም። ስለዚህ ለፍሪዊል የተሠራው ሞዞ አንድ ጥምዝ ብቻ ቀረው። ጉዱ ግን የጥምዙ መጠን ከኮጉ ጋር አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። በሁለቱም ጎን ጥምዝ ያላቸው ሞዞዎችም ነበሩ፤ የቱር ደ ፍራንስ ተወዳዳሪዎች ተራራ ሥር ሲደርሱ ወርደው፣ ጎማውን አገላብጠው፣ ቀለል ባለው ጥርስ ይወጡ ነበር። ማርሽ መቀያየሪያ እዚያ ውድድር ላይ የተፈቀደው በ1937 ነው።

በ2000ዎቹ ፊክስድ ጊር በትልልቅ ከተሞች ፋሽን ሲሆን ብዙ ወጣት የድሮ የጎዳና ብስክሌት እየገዛ መለወጥ ጀመረ። ፍሪዊሉን አውልቆ በቦታው ኮግ ይጠመዝዛል። ይገባል! ከላይ ደግሞ የፔዳሉን መሃል ከሚይዘው ክፍል የተወሰደ ቀለበት ይታሰርበታል፤ እሱም መጠኑ አንድ ነው። ግን የሚጠብቀው እንደ ኮጉ ወደ ቀኝ ነው። ኮጉ ሲፈታ አብሮት ይፈታል። የኔው ብስክሌት እንዲህ የተለወጠ ነበር። ሻጩ ያወቀ አይመስለኝም፣ ምናልባት እሱም እንደዚሁ ነው የገዛው።

እናንተ እንዲህ ያለ ብስክሌት ካጋጠማችሁ ከመንዳታችሁ በፊት ኮጉን አስፈትታችሁ ጥምዙን እዩት። ሁለት ደረጃ ከሌለው ያንን ሞዞ በፊክስድ አትንዱት፤ ማጣበቂያ ብትቀቡትም ያው ነው። የድሮ የፈረንሳይ ሞዞ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። የነሱ ጥምዝ በየ1 ሚሊ ሜትሩ ነው፣ የእንግሊዙ ግን በኢንች 24፣ ማለትም በየ1.058። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ስድስት ዙር ላይ ግን 0.35 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በጉልበት ካስገባችሁት የብረቱ ኮግ ለስላሳውን አሉሚኒየም ይበላዋል።

ትክክለኛው ሞዞም ቢሆን ሊበላሽ ይችላል። ኮጉ በደንብ ሳይጠብቅ ቀለበቱ ከታሰረ፣ ዳገት ስትወጡ ኮጉ ወደ ውስጥ ይገባና ከቀለበቱ ይርቃል። ከዚያ ወደ ኋላ በተጫናችሁ ቁጥር ያቺን ክፍተት እየተመላለሰ ይመታል፣ ጥምዙም ይላጫል። ስለዚህ ኮጉን አጥብቁ፣ አንድ ዳገት ውጡ፣ ተመልሳችሁ ቀለበቱን እንደገና አጥብቁ። ኮጉንና ቀለበቱን የሚያቋርጥ አንድ መስመር በቀለም አስምሩ፤ መስመሩ ከተሰበረ አንዱ ተንቀሳቅሷል። ጎማው ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ኩሽኔታው ላልቶ ሊሆን ይችላል፣ ማንኛውም መካኒክ ያስተካክለዋል።

እኔ ሌላ የኋላ ጎማ ገዛሁ፣ ባለሁለት ደረጃ። የፊት ፍሬኑን አላወለቅኩትም። አሮጌው ሞዞ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ እስክሪብቶ መያዣ ሆኗል፤ ጥምዙ ተላጭቶ እንደ መስታወት ያበራል።