የደብረ ታቦር ወረቀቶች የት ናቸው?

የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ በአማርኛ ከጻፉት የቀደሙ ሰዎች ማንበብ ለሚፈልግ ሰው ሦስት ዜና መዋዕሎች አሉለት። የደብተራ ዘነብን ሥራ ኤኖ ሊትማን የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ በርሊን ከነበረ የእጅ ጽሑፍ አንሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ፕሪንስተን፣ አሜሪካ አሳተመው። የአለቃ ወልደ ማርያምን ሞንዶን ቪዳይየ የተባለ ፈረንሳዊ በ1904 ፓሪስ ላይ አወጣው። ጸሐፊው ያልታወቀውን ሦስተኛውን ደግሞ ሉዊጂ ፉሴላ የተባለ ጣሊያናዊ በ1950ዎቹ መጨረሻ ኔፕልስ ላይ አሳተመው። ልብ በሉ፤ ንጉሡ ከተማቸው ያደረጓት ደብረ ታቦር ናት፤ መድፍ ያስቀለጡት አጠገቧ ጋፋት ላይ ነው። ታሪኩ የተሠራው እዚህ፣ የታተመው ግን እዚያ።

ፈረንጅ ዘረፈን ብሎ ነገሩን መዝጋት ይቀናናል። እርግጥ ዘርፎናል። ቴዎድሮስ መጻሕፍት ሰብሳቢ ነበሩ፤ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የወሰዷቸውን መጻሕፍት ለመቅደላው መድኃኔ ዓለም ብለው አከማቹ። (ባለቤቶቹ ወደው ስላልሰጡ እሱንም ልገሳ ማለት ይከብዳል።) በ1860 ዓ.ም. መባቻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ወጡ። ሚያዝያ 6 ቀን ራሳቸውን ሠው። ከዚያ የሆነው ይታወቃል። እንግሊዞች ምርኮውን በ15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ ጭነው ደላንታ ሜዳ አወረዱት፤ ሁለት ቀን ጨረታ ቆመ። የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆልምስ 350 የሚሆኑ ብራናዎችን ለመሥሪያ ቤቱ ገዛ፤ ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ያሉት እነዚህ ናቸው። ዐፄ ዮሐንስ በነሐሴ 1864 ዓ.ም. ክብረ ነገሥት ይመለስልኝ ብለው ጽፈው አንድ ቅጂ ተመልሶላቸዋል። የቀረው እንደቀረ ነው።

ግን እስቲ ሌላውንም ገጽ እንየው። ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ ለንደን ደርሶ መልስ ሳያገኝ ጠረጴዛ ላይ ቀረ። ለጦርነት ያደረሰው ጣጣ ከዚያ ዝምታ ጀመረ ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሚገርመው፣ እንግሊዞች መልስ ያልሰጡትን ደብዳቤ አልጣሉትም። ፋይል አደረጉት። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ግርማ ሥላሴ አስፋው፣ አፕልያርድና ኡለንዶርፍ የንጉሡን የአማርኛ ደብዳቤዎች በመጽሐፍ አወጧቸው። የቸልተኛ ቢሮ እንኳ ወረቀት ካስቀመጠ ለታሪክ ይጠቅማል።

ደግሞ መለገስ ለእኛ አዲስ አይደለም። አንድ ባላባት ወይም አንዲት ወይዘሮ መጽሐፍ አስጽፈው ለደብር ሲሰጡ ስማቸው በመጽሐፉ ይገባል፤ ለየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደተሰጠ ይጻፋል፤ ከዚያ ግዝቱ ይከተላል። የሰረቀ፣ የፋቀ፣ የሸጠ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ይወገዛል። የዛሬ የቤተ መዛግብት ባለሙያዎች የልገሳ ስምምነት የሚሉት ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ ሰጪው ማን ነው፣ ተቀባዩ ማን ነው፣ ምን አይፈቀድም። የእኛው ማስፈራሪያ ብቻ ጠንከር ይላል። ግዝት የሚያስፈራው ግን የሚያነበውን ሰው ነው፤ የናፒየር ወታደር ግዕዝ ከየት ያውቃል?

በእነዚያው መጻሕፍት ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ሌላም ነገር ይጻፍ ነበር፤ የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታ፣ ውርስ፣ የሙግት ውሳኔ፣ ከነምስክሮቹ። ዶናልድ ክረሚ የተባሉት የታሪክ ተመራማሪ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር የጎንደርን አገር አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት እያገላበጡ እነዚህን ማስታወሻዎች በማይክሮፊልም አነሷቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የመሬትና የኅብረተሰብ ታሪካቸው በአብዛኛው የቆመው በዚህ ላይ ነው። ከ1750ዎቹ እስከ 1850ዎቹ ስለነበሩት የቤጌምድር ሴቶችም ከዚሁ ምንጭ ጽፈዋል፤ ሴቶቹ ርስት ይወርሱ፣ ያወርሱ፣ ዳኛ ፊት ቆመው ይሟገቱ ነበር። የድሮ ሴት ምን ነበራት ለሚል ሰው መልሱ ወንጌሉ ኅዳግ ላይ ተቀምጦ ኖሯል ማለት ነው። ያንን የጻፈው ካህን ለታሪክ ተመራማሪ አስቦ አልነበረም። መሬቱ እንዳይካድ ነው የጻፈው።

እንግዲህ ዛሬ በፋርጣ፣ በእስቴ፣ በጋይንት፣ በስማዳ ቤቶች ሳጥን ውስጥ ያለውን ወረቀት በዚህ ዓይን ማየት ነው። የግብር ደረሰኝ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የእድር መዝገብ፣ ከዘመቻ የተላከ ደብዳቤ፣ የጡረተኛ መምህር የስም መጥሪያ፣ ከጀርባው ምንም ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ። ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ሳጥኑን ማንም አይነካበትም። ተዝካሩ ከወጣ በኋላ ልጆች ቤቱን ይካፈላሉ፤ ሳጥኑ ለአንዱ ይደርሳል፤ ወረቀቱ ግን ለማንም አይደርስም። ወይ ሱቅ ሄዶ ስኳር ይጠቀለልበታል፣ ወይ ቆራሌው ከአሮጌ ድስት ጋር ይወስደዋል።

ባለቤቱ ራሱ ያጠፋበትም ዘመን አለ። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. አካባቢ አሰሳ መጣ ሲባል ደብዳቤና ፎቶግራፍ ምድጃ ገባ፣ ጓሮ ተቀበረ። በዚያ ጊዜ ወረቀት ያቃጠለን ሰው መውቀስ አልችልም፤ ነፍሱን ነው ያተረፈው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ደግሞ ከባድ መሣሪያ ደብረ ታቦር ከተማ ላይ ወድቆ ሰው ገድሏል። ሰው በሞተበት ስለ ወረቀት ማውራት ያሳፍር ይሆናል። ነገር ግን አንድ ቤት ሲመታ አንድ ሳጥንም አብሮ ይሄዳል፤ ሌላ ቦታ ቅጂ ከሌለው አለቀ።

ታዲያ ለማን ይሰጥ? ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ አዋጅ ቁጥር 179/1991ም ወጥቶለታል። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። ደብረ ታቦር ራሷ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲ አላት። ሰዉ ግን ይፈራል። “ከሰጠሁ በኋላ ራሴ ለማየት ደጅ ልጠና ነው?” ይላል። “የአባቴ ገመና አደባባይ ይወጣል” ይላል። “የመሬቴ ማስረጃ ነው” ይላል። ሦስቱም ተገቢ ፍርሃት ነው፤ ሦስቱም መፍትሔ አላቸው። ገመናው በስምምነቱ ላይ ለዚህን ያህል ዓመት አይከፈት ተብሎ ይታሸጋል። የመሬቱ ማስረጃ ዋናው እቤት ይቀራል፤ ቅጂው ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። መጽሐፉን ፎቶ አንሥቶ ለደብሩ መለሰ፤ ፊልሙ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ሚኒሶታ ተቀመጠ። ዛሬ ለዚያ ካሜራ ያለው ስልክም ይበቃል።

ስምምነቱ በቁም ሳሉ ቢያልቅ ይሻላል የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሌዲ ሚዩክስ የተባለች የእንግሊዝ ቢራ ጠማቂ ባለጸጋ ሚስት ከመቅደላ የሄዱ ብራናዎች ነበሯት። እ.ኤ.አ. በ1910 ስትሞት ለዐፄ ምኒልክ ይመለሱ ብላ ተናዝዛ ተገኘች። ንጉሡ የሉም በሚል ሰበብ ኑዛዜው ተሻረ፤ ምኒልክ ግን ገና በሕይወት ነበሩ፤ ያረፉት በ1906 ዓ.ም. ነው። ብራናዎቹን አሜሪካዊው የጋዜጣ ከበርቴ ኸርስት ገዛቸው።

ሳጥኑን ለመስጠት የቆረጠ ሰው ወረቀቱን በእኔ ሐሳብ ላስተካክል ብሎ አይበትነው፤ አባት በአንድ ክር ያሰሩት ደብዳቤ ለምን አብሮ እንደታሰረ ተመራማሪው ይጠይቃል። ፕላስተር አይለጥፍበት፤ ሽቦው ዝጎ ወረቀቱን ሳይበላው ያውጣው። ፎቶግራፎቹን ግን ይዞ አሁኑኑ ወደ እናቱ ወይም ወደ አክስቱ ይሂድ፤ ይሄ ማን ነው፣ ይቺ ማን ናት እያለ ይጠይቅና ስሙን ከጀርባው በእርሳስ፣ ሳይጫን፣ ይጻፈው።