ጥሪው መልስ ሲያጣ፦ የወንጀል ተጎጂዎች የደኅንነት ስሜትና የሕጋችን ክፍተት፣ ከባቱ አንጻር

ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ተገደለ። በኦሮሚያ በርካታ ከተሞች የተነሣው ሁከት ከገዳይም ከሟችም ጋር ምንም ጉዳይ የሌላቸውን ሰዎች ቤት ሰብሮ ገባ። በዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ባቱ ከእነዚህ ከተሞች አንዷ ነበረች። የአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሆቴሎች እዚያና ሻሸመኔ ላይ ሲጠቁ ወሬው አገር ምድሩን አዳረሰ፤ የባለሱቁና የተከራዩ ጉዳት ግን ከሰፈር ወሬ እምብዛም አላለፈም። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን 40 በሚሆኑ አካባቢዎች አካሂዶ ታኅሣሥ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው ምርመራ 123 ሰዎች መሞታቸውን፣ ቢያንስ 500 ሰዎች መቁሰላቸውንና ሺዎች መፈናቀላቸውን ገልጿል። ከሟቾቹ ከፊሉ በአጥቂዎች እጅ፣ ከፊሉ በፀጥታ ኃይሎች ጥይት ነው የሞቱት። ለዚህ ጽሑፍ ክርክር ከቁጥሮቹ በላይ የሚያስፈልገው ግን ሌላው የሪፖርቱ ግኝት ነው። ተጎጂዎች ለአካባቢ አስተዳደርና ለፖሊስ ደጋግመው ደውለው የሚደርስላቸው አጥተዋል፤ ከበላይ ትእዛዝ አልመጣም የተባሉም ነበሩ። የሪፖርቱ ርእስ ራሱ የተወሰደው መንግሥት ያለ አልመሰለንም ካሉ ሰዎች አንደበት ነው። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያም ከዚያ ይነሣል፦ የተጎጂን የደኅንነት ስሜት ከጥቃቱ በላይ የሚያፈርሰው የድረሱልኝ ጥሪው መልስ ማጣቱ ነው፤ ወንጀለኛን መቅጣት ብቻውን ያንን አይጠግንም፤ ሥራ ላይ ያለው የፍትሕ ሥርዓታችንም ለተጎጂው የሚሰጠው መልስ እጅግ ጥቂት ነው።

የደኅንነት ስሜት የግል ጉዳይ ነው፣ በጊዜ ይሽራል፣ ለሕግ አውጪና ለዳኛ መነሻ ሊሆን አይችልም የሚሉ አሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ፍርሃት ከእውነተኛው አደጋ ጋር ሁልጊዜ እኩል እንደማይሄድ የወንጀል ጥናት ባለሙያዎች ከተስማሙ ቆይተዋል። ሆኖም ስሜቱ የሚሠራውን ሥራ እንይ። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቡና ምሁር ሮኒ ጃኖፍ ቡልማን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ጥቃት የሚሰብረው ሰው ሳያስበው ተደግፎበት የሚኖረውን እምነት ነው፤ ዓለም በመሠረቱ ክፉ አይደለችም፣ ነገር ያለ ምክንያት አይደርስም፣ እኔም ክፉ የሚገባኝ ሰው አይደለሁም የሚለውን። ይህ እምነት ባቱን በመሰለ ከተማ የዕለት ኑሮ መሣሪያ ነው። የአበባ እርሻዎቹ፣ ሆቴሎቹና የዓሣ ንግዱ ከየአቅጣጫው ሰው ሰብስበዋል፤ ብዙው ዘመድ በሌለበት፣ በኪራይ ቤት የሚኖር ነው። በማለዳ ጨለማ ወደ እርሻ የምትወጣ ሠራተኛ መንገዱን የምትደፍረው ብጮኽ በር ከፍቶ የሚወጣ አለ ብላ ነው። ያ ግምት ሲጠፋ የማታ ፈረቃ ይቀራል፣ ሱቁ በጊዜ ይዘጋል፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል፣ አጥቂዎቹን ለይቶ ያወቀ ሰው እንኳ ለመመስከር ያመነታል። ምስክር ያጣ መዝገብ ደግሞ ይዘጋል፤ መዝገቡ ሲዘጋ ቀጣዩ አጥፊ ይደፍራል። ስለዚህ ስሜቱ በተጎጂው ልብ ውስጥ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ የፍርድ ቤቱ ማስረጃ የሚመጣበት ምንጭ ነው። በጊዜ ይሽራል የሚለውም የሚሠራው አጥቂው ለማይታወቅ ሰው ነው። የ2012ቱ ዓይነት የቡድን ጥቃት ደርሶበት የአንዱን አጥቂ ድምፅ ለይቶ ያወቀ ሰው ያንኑ ድምፅ በገበያ ሲሰማ፣ ጊዜው ወደ ኋላ ይመለስበታል።

ሕጉ ለዚህ ሰው ምን አለው? በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 154 ጀምሮ የግል ተበዳይ በወንጀል ችሎት ካሳ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። በወረቀት መልካም ነው። መንገዱ ግን ሦስት በሮች አሉት፤ አጥፊው መታወቅ፣ ጥፋተኛ መባልና የሚከፍለው መኖር አለበት። መቶ ሰው በአንድ ሌሊት ባቃጠለው ሱቅ ጉዳይ የመጀመሪያው በር ገና ሳይከፈት ነገሩ ያበቃል። ሦስቱን በሮች ያለፈ ተጎጂም ስለ ሥጋቱና ስለ ሰቀቀኑ ካሳ ሲጠይቅ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2116 ይጠብቀዋል፤ ለሕሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሳ ከ1,000 ብር አይበልጥም ይላል። ገንዘቡ ሕጉ ሲወጣ ትልቅ ነበር። ዛሬ ግን ዳኛው የልጁ ገዳይ ለተፈረደበት አባት የሚሰጠው የሕሊና ካሳ ጥሩ ጫማ አይገዛም። ከስድሳ ዓመት በላይ ሳይነካ የቆየ ይህን የመሰለ ጣሪያ መኖሩ፣ ለእኔ፣ የተጎጂው ሥቃይ በሕግ አውጪዎቻችን ጠረጴዛ ላይ የነበረውን ቦታ በግልጽ ያሳያል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699ም የሚጠቅመው ከባድ ቅጣት በሚያስከትሉ ወንጀሎች የሚመሰክረውን ወይም የሚጠቁመውን ነው፤ ለመመስከርም ሆነ ለመጠቆም ያልተፈለገ ተጎጂ ከዚያ የሚያገኘው የለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሕግ ባለሙያዎች ይመጣል፤ ተጎጂውን ወደ መሐል ማምጣት የተከሳሽን መብት ይሸረሽራል የሚል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 እና 20 ለተያዙና ለተከሰሱ ሰዎች የሰጡት ጥበቃ በብዙ መከራ የተገኘ ስለሆነ ሥጋቱን አከብራለሁ። የፌዴራል ማረሚያ ቤት ያለባት ባቱ ደግሞ ይህ ጥበቃ ሲጣስ ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ ታውቃለች። ነገር ግን ተጎጂው የሚሻው ብዙው ነገር ከተከሳሹ ላይ የሚቆረስ አይደለም። መዝገቡ የት ደረሰ፣ መርማሪው ማን ነው፣ የተያዘው ሰው በዋስ ተፈቷል ወይ የሚሉትን ጥያቄዎች መመለስ የማንንም የመከላከል መብት አይነካም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 1985 ባጸደቀው የተጎጂዎች የፍትሕ መርሖዎች መግለጫም መረጃ ማግኘት፣ በክብር መስተናገድና ካሳ የተቀመጡት የተከሳሹ መብት ሳይጓደል እንዲፈጸሙ ነው።

ሌላው ክርክር ከባህሉ ወገን ነው፤ ባህላዊው እርቅ ይበቃል የሚል። በኦሮሞ ዘንድ ጉማ የደም ካሳ ሥርዓት ነው፤ ጃርሱማ ደግሞ ሽማግሌዎች የተጣላውን የሚያስታርቁበት መንገድ ነው። የኦሮሚያ ክልል በ2013 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ለባህል ፍርድ ቤቶች በሕግ ዕውቅና ሰጥቷል። እነዚህ ተቋማት መደበኛው ችሎት የጎደለውን አንድ ትልቅ ነገር ይሰጣሉ፦ ተጎጂው በሰው ፊት በደሉን ይናገራል፣ የበዳዩ ወገንም ጥፋቱን ያምናል። ያ እጅግ ዋጋ ያለው ነው፤ በገጠርም በከተማም ደም የሚመላለስበትን በቀል አቁሟል። ጉማ ግን የሚቆመው ወገን ለወገን ሲነጋገር ነው። የቡድን ጥቃት የሚከፍል ወገን የለውም፤ ከሩቅ አገር መጥቶ በኪራይ የሚኖር ተጎጂም ስለ እርሱ የሚቀመጥለት ሽማግሌ ላይኖረው ይችላል። በተለይ በማንነቱ ምክንያት የተጠቃ ሰው፣ ይቅር በል የሚለው ጥሪ የሚመጣው ካጠቃው ወገን ብዙዎች ካሉበት ሸንጎ ሲሆን፣ እርቁ ራሱ ሌላ ጫና ሆኖ ሊሰማው ይችላል። ባህሉ የመንግሥትን ግዴታ ሊያግዝ እንጂ ሊተካ አይችልም።

የቀረው የገንዘብ ነገር ነው። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 ለወንጀል ተጎጂዎች ከመንግሥት ካዝና የሚከፈል ካሳ በሕግ ስትደነግግ ሀብታም አገር ነበረች፤ ኢትዮጵያ ያንን ልትቀዳ አትችልም የሚለው እውነት ነው። ሆኖም መልሱ በራሳችን ሕግ ውስጥ ተቀምጦ ቆይቷል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 102 ተጎጂው ካሳውን አያገኝም ተብሎ ሲሠጋ ፍርድ ቤቱ ከተወረሰው ንብረት ሽያጭ ወይም ከተከፈለው መቀጮ ከፊሉ ለተበዳዩ እንዲሰጥ ማዘዝ ይችላል ይላል፤ መንግሥትም በተበዳዩ ቦታ ተተክቶ ከአጥፊው ይጠይቃል። ይህ አዲስ በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ዐቃቤ ሕግ በእያንዳንዱ ክስ ላይ ድንጋጌውን እንዲያነሣ፣ ዳኛውም መቀጮ በወሰነ ቁጥር ከዚያ ለተጎጂው ያላካፈለበትን ምክንያት በፍርዱ ላይ እንዲጽፍ ነው። መቀጮ ወይም የተወረሰ ንብረት በሌለበት፣ ወይም አጥፊው ባልታወቀበት መዝገብ ድንጋጌው እንደማይደርስ አልክድም፤ የ2012ቱ ሁከት ብዙ ተጎጂዎች ከዚህ ውጭ ይቀራሉ። ለእነርሱ ክልሉና ፌዴራል መንግሥቱ ባንድነት የሚያዋጡት፣ መጠነኛም ቢሆን ጥፋተኛ እስኪገኝ የማይጠብቅ ክፍያ ያስፈልጋል፤ ቅድሚያውም ለሕክምና፣ ለተሰበረ በርና ለተቃጠለ መነሻ ካፒታል ሊሆን ይገባል። አንቀጽ 2116 ላይ ያለው የ1,000 ብር ጣሪያ ግን ጥናትም ኮሚቴም አያስፈልገውም፤ በአንድ መስመር ማሻሻያ ይነሣል።