በነጻ የታደለ መድኃኒት እና ያልተጠየቀ ካሣ፦ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ጉዳት በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፊት



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ መድኃኒትና ስለ ጥቂት የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጾች ነው። መድኃኒቱ ስታቩዲን ይባላል። በሀገራችን ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መታደል ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. አንሥቶ፣ ብዙ ጊዜ ከላሚቩዲንና ከኔቪራፒን ጋር በአንድ ክኒን ተዋሕዶ፣ ለበርካታ ዓመታት ሲሰጥ ቆይቷል። ብዙዎችን ከሞት አፋፍ መልሷል። ከመለሳቸው መካከልም የብዙዎቹን እግር አደንዝዟል፣ ፊታቸውንም አጉድጉዷል። በዚህ መድኃኒት የተጎዳ ኢትዮጵያዊ ካሣ ለመጠየቅ ሕጉ ምን መንገድ ሰጥቶት ነበር? መንገዱስ ስለምን ሰው አልባ ሆነ?

ጥያቄውን ከአርብ ገበያ ላንሣው። አርብ ገበያ የታች ጋይንት ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ስሟም እንደሚነግረን ከተማዋ የዓርብ ገበያ ናት። ይህን ቦታ የመረጥሁት ሕግ ከአዲስ አበባ ችሎት ሲታይና ከወረዳ ከተማ ሲታይ አንድ ስላልሆነ ነው። ሰው በየሳምንቱ በሚገናኝበት ገበያ የሰው ፊት የአደባባይ ጽሑፍ ነው፤ ማን ከሳ፣ ማን ደኅና ሆነ፣ ሁሉም ያነብበዋል። ስታቩዲን ደግሞ ከሚያደርሳቸው ጉዳቶች አንዱ የሰውነትን ስብ ማዛባት ነው፦ ከጉንጭ፣ ከክንድና ከባት ስብ ይሟጠጣል፤ የእጅ ደም ሥሮች ይገተራሉ። መድኃኒቱ ከመምጣቱ በፊት ሕመምተኛውን የሚያጋልጠው ክሳቱ ነበር። መድኃኒቱ ክሳቱን አስወግዶ በምትኩ ሌላ ምልክት ጻፈ። ጎረቤት እንዳያያቸው ከወረዳቸው ርቀው ሌላ ከተማ ሄደው መድኃኒት ይወስዱ ለነበሩ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የእግር ማቃጠሉና መደንዘዙ ግን ለሌላ ሰው አይታይም፤ ለገበሬ ወይም በጀርባዋ ውኃ ለምትቀዳ ሴት ግን መተዳደሪያን የሚነካ ነገር ነው።

አሁን ወደ መድኃኒቱ ታሪክ ልመለስ። ስታቩዲን በአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። የነርቭ ጉዳት እንደሚያስከትል ያኔም ይታወቅ ነበር። ወደ አፍሪካ የመጣው ግን በሌላ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 መጀመሪያ ሲፕላ የተባለው የሕንድ መድኃኒት አምራች ሦስቱን መድኃኒቶች ለድንበር የለሽ ሐኪሞች ማኅበር ለአንድ ሰው በዓመት በ350 ዶላር እንደሚሸጥ አስታወቀ። በዚያን ጊዜ በበለጸጉት ሀገሮች የአንድ ሰው የዓመት ሕክምና ከ10,000 ዶላር በላይ ይፈጅ ነበር። ርካሽነቱ ብቻም አልነበረም። ዚዶቩዲን ደም ማነስ ስለሚያስከትል የደም ምርመራ ይጠይቃል፤ ስታቩዲን ግን ለመጀመር ይህን ያህል ላቦራቶሪ አይሻም። ላቦራቶሪ በሌለበት የጤና ጣቢያ መድኃኒት ማዳረስ የተቻለው በዚህ ነው። እንግዲህ የሀገራችን ውሳኔ የማታለል ወይም የቸልተኝነት ውሳኔ ነበር ብዬ አልከራከርም። በሞትና በጉዳት መካከል የተደረገ ምርጫ ነበር፤ በወቅቱም ትክክለኛው ምርጫ ይመስለኛል። የሕጉ ችግር የሚጀምረው ግን ከዚህ ላይ ነው፤ ምርጫው ትክክል ነበር ማለት ጉዳቱን የሚሸከመው ሕመምተኛው ብቻ ይሁን ማለት አይደለምና።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 የአዋቂዎች መጠን ለሁሉም ወደ 30 ሚሊ ግራም ዝቅ እንዲል መከረ፤ ቀደም ሲል ክብደታቸው ከ60 ኪሎ በላይ የሆኑ ሰዎች 40 ሚሊ ግራም ይወስዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2009 ደግሞ ሀገሮች ስታቩዲንን ደረጃ በደረጃ እንዲተዉ ጥሪ አደረገ። ምክንያቱም የማይመለስና ዘላቂ ጉዳት የሚያደርስ መሆኑ ነበር። በሀገራችንም ቦታው ለቴኖፎቪር ተለቀቀ። ልብ በሉ፤ «የማይመለስ» የሚለው ቃል በሕግ ቋንቋ ቢነገር ኖሮ ካሣ የሚባለውን ቃል አስከትሎ በመጣ ነበር። የተነገረው ግን በሕክምና መመሪያ ቋንቋ ስለሆነ ያስከተለው የመድኃኒት ለውጥን ብቻ ነው።

ስለ ጉዳቱ ጮክ ብሎ መናገር ለምን አስቸጋሪ ሆነ? እዚህ ላይ የደቡብ አፍሪካን ታሪክ መርሳት አይቻልም። ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1999 ዚዶቩዲን መርዛማ ነው የሚል ሥጋት በሕግ አውጪው ምክር ቤት ፊት አነሡ፤ መንግሥታቸውም መድኃኒቱን ከማዳረስ ለዓመታት አፈገፈገ። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ግምት በዚህ መዘግየት ከ330,000 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። በዚያው ሀገር የሕክምና ዕርምጃ ዘመቻ የተባለው ማኅበር መንግሥትን ከስሶ፣ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2002 ኔቪራፒን ለነፍሰ ጡሮች እንዲሰጥ ወሰነ። በአፍሪካ ስመ ጥር የሆነው የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ክስ፣ መድኃኒት ለማግኘት እንጂ መድኃኒት ላደረሰው ጉዳት የቀረበ አልነበረም። ከዚህ በኋላ ስለ ጎንዮሽ ጉዳት የሚያነሣ ሁሉ የካጆቹ ወገን እንዳይመስል ይፈራ ጀመር። የምክር አገልግሎት ሰጪዎቻችን «ያለማቋረጥ ውሰዱ» የሚለውን ማስተማራቸው ሕይወት አድኗል፤ አብሮ ግን የሕመምተኛውን ቅሬታ መድኃኒት ለማቋረጥ የሚደረግ ሰበብ አስመስሎታል።

ወደ ሕጉ እንግባ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ የረቂቁ አዘጋጅ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ስለ ኤች አይ ቪ ሊያስቡ በማይችሉበት ዘመን የተጻፈ ቢሆንም፣ ለጉዳያችን ከምንገምተው በላይ ቸር ነው። አንቀጽ 2085 ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ጥፋት ይረጋገጥ አይልም። ስታቩዲንን በታዘዘለት ሰዓትና መጠን የዋጠ ሰው ከዚህ የበለጠ «የተለመደ» አጠቃቀም የት ያገኛል? ጉድለቱ በተለመደ ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከሆነ አምራቹ ነጻ ይወጣል የሚለው ሁለተኛው ንኡስ አንቀጽም ክኒን ለሚውጥ ገበሬ እንቅፋት አይሆንበትም።

እንቅፋቱ ሌላ ነው። አምራቹ ሙምባይ ነው፤ ገዢው የዓለም አቀፉ ፈንድ ወይም የአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ ነው፤ አዳዩ የኢትዮጵያ መንግሥት ነው። የውጭ ሀገር ተከራካሪ ያለበት ጉዳይ የፌዴራል ሥልጣን ሥር ስለሚወድቅ የአርብ ገበያው ከሳሽ በወረዳው ፍርድ ቤት ደጃፍ አይቆምም፤ ክሱን ይዞ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር መጓዝ አለበት። ከዚያ በኋላ መጥሪያው ባሕር ይሻገራል።

አምራቹን ትቶ ጤና ጣቢያውን ቢከስስስ? የሕክምና ውልን የሚገዙት አንቀጽ 2639 እና ተከታዮቹ ለሕመምተኛው ይጠቅሙ ነበር፤ ለውል ክስ አጠቃላዩ ይርጋ በአንቀጽ 1845 መሠረት 10 ዓመት ነውና። ነገር ግን ሕጉ የሕክምና ውልን የሚተረጉመው ሐኪሙ ዋጋ ተከፍሎት የሚሰጠው አገልግሎት አድርጎ ነው። እነሆ «በነጻ» የምትለው ቃል። ለሕዝብ የተደረገ ትልቅ ቸርነት የምትገልጸው ቃል በሕጉ ዓይን ሕመምተኛውን ከተዋዋይነት ወደ ተመጽዋችነት ታወርደዋለች። በጎ ተርጓሚ ዳኛ ቢኖር መንግሥት ከፋይ ነው ብሎ ሊከራከር ይችል ነበር፤ ሆኖም ክርክሩ የሚወለደው መጀመሪያ ክስ ሲኖር ነው።

ስለዚህ የሚቀረው ከውል ውጭ ኃላፊነት ነው። በአንቀጽ 2031 ባለሙያ የሚጠየቀው የሙያውን ደንብ ሲጥስ ነው፤ በአንቀጽ 2126 መንግሥትም የሚጠየቀው ሠራተኛው በሥራው ላይ ጥፋት ሲሠራ ነው። ነርሷ ግን ደንቡን አልጣሰችም፤ ደንቡ ራሱ ስታቩዲን ስጪ ይላል። ጥፋት ሊባል የሚችለው ሌላ ነገር ነው፦ ሕመምተኛው እግሬ ይቃጠላል እያለ በየቀጠሮው ሲመላለስ መድኃኒቱ ሳይለወጥለት የቀረ እንደሆነ። ይህን ለማስረዳት ደግሞ ቅሬታው በካርዱ ላይ መጻፍ ነበረበት። በአካል ላይ ለሚደርስ ጉዳት ያለ ጥፋት ኃላፊነትን የሚያቋቁመው አንቀጽ 2067 አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ። ይሁንና ሰውየው ራሱ በእጁ አንሥቶ የዋጠው ክኒን የማን አድራጎት ነው? ተማሪዎች በመመረቂያ ጽሑፋችሁ ብትሞክሩት ደስ ይለኛል።

ከሁሉ የከፋው አንቀጽ 2143 ነው። ተጎጂው ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ክሱን ማቅረብ አለበት። ሕጉ ያሰበው የመኪና ግጭትን፣ የተደረመሰ ግንብን ነው፤ ቀኑ የሚታወቅ ጉዳትን። የጉንጭ ስብ በምን ቀን ጠፋ ይባላል? የእግር መደንዘዝ ከጣት ጀምሮ ወራት እየቆየ ወደ ላይ ይወጣል። ሕመምተኛው መጀመሪያ የበሽታው ምልክት ነው ብሎ ያስባል፤ ከዚያ የዕድሜ፤ ከዚያ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት መክሮ መድኃኒቱ ሲለወጥለት ምክንያቱን ይረዳል። ያን ጊዜ ሁለቱ ዓመት አልፏል። ይርጋው ጉዳቱ ከደረሰበት ሳይሆን ጉዳቱና ምክንያቱ ከታወቁበት ቀን ይቆጠር ዘንድ አንቀጹ ቢሻሻል፣ ለመድኃኒት ጉዳት ብቻ ሳይሆን ለብክለትና ለሥራ ቦታ በሽታም ይረባ ነበር።

በክስ ፋንታ የነበረው ቢጫ ቅጽ ነው። የመድኃኒት ደኅንነት ክትትል በዓለም ደረጃ የተጀመረው ከታሊዶማይድ አደጋ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2008 የዓለም ጤና ድርጅት መርሐ ግብር አባል ሆናለች። የጤና ባለሙያ የጎንዮሽ ጉዳት ሲያይ ቅጹን ሞልቶ ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ይልካል። ጠቃሚ ሥርዓት ነው። ነገር ግን ቅጹ የሚናገረው ስለ መድኃኒቱ ነው፤ ስለ ሰውየው ካሣ የሚጠይቅ ዓምድ የለውም። ጉዳቱ ወደ መረጃነት ይለወጣል፤ ተጎጂው ግን እንደነበረ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ነው የሚል ካለ ስለ ቴኖፎቪር ልጨምር። ስታቩዲንን የተካው ይህ መድኃኒት እጅግ የተሻለ ነው፤ ዛሬም በአርብ ገበያ ከዶሉቴግራቪር ጋር ይወሰዳል። በአንዳንድ ሰዎች ላይ ግን ኩላሊትንና የአጥንት ጥንካሬን ይጎዳል። በአሜሪካ ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ጊልያድ የተባለውን ኩባንያ ከስሰዋል። የክሱ ፍሬ ነገር ለየት ያለ ነው፤ መድኃኒቱ ጉድለት አለበት ሳይሆን፣ ኩባንያው የበለጠ ደኅና የሆነውን ሌላ ዓይነት በእጁ ይዞ ለትርፍ ሲል ማውጣቱን አዘገየ የሚል ነው። ኩባንያው ክሱን ይቃወማል። በካሊፎርኒያ የይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጥር 2024 የቸልተኝነቱ ክስ እንዲቀጥል ፈቅዶ፣ ጉዳዩ ወደ ክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሻግሯል፤ በዚያው ዓመት በፌዴራል ፍርድ ቤት የከሰሱ ከ2,600 በላይ ሰዎችን ጉዳይ ደግሞ ኩባንያው እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ ክፍያ ለመቋጨት ተስማምቷል። ከሳሾቹን ከእኛ ሰው የሚለያቸው የጉዳቱ ዓይነት አይደለም። ኩላሊታቸው በየጊዜው ተመርምሮ ውጤቱ በወረቀት ስለነበረ፣ ጉዳቱ የጀመረበትን ጊዜ ማሳየት ይችሉ ነበር።

ሌላ መንገድ እንደሚቻል ግን አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2021 የኮቪድ ክትባት በኮቫክስ በኩል ሲታደል፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ92 ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው ሀገሮች ጥፋት ማስረዳት የማያስፈልግበት የካሣ መርሐ ግብር ተቋቁሞ ነበር። በዚህም የታች ጋይንት ገበሬ በክትባቱ ከባድ ጉዳት ቢደርስበት ማንንም ሳይከስስ፣ ያለ ክፍያ ማመልከት ይችል ነበር። ለአንድ ወይም ለሁለት ጊዜ ክትባት ይህ ተዘጋጀ። ዕድሜ ልክ በየቀኑ ለሚዋጠው ክኒን ግን የተዘጋጀው ቢጫው ቅጽ ነው።

ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።