ተፈጥሯዊ ምርጫና መነጠል በጎጃም ደጋ

ተፈጥሯዊ ምርጫ ማለት በአንድ ዝርያ አባላት መካከል ካለው ልዩነት ውስጥ ለመኖርና ለመራባት የሚረዳው ጠባይ በየትውልዱ እየበዛ፣ የማይረዳው ደግሞ እየቀነሰ የሚሄድበት ሂደት ነው። መነጠል ደግሞ የአንድ ዝርያ ክፍሎች እርስ በርስ እንዳይዳቀሉ የሚያግድ ማናቸውም መሰናክል ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ከአንድ ዝርያ ሌሎች ዝርያዎች ሊወጡ ይችላሉ። ሐሳቡን ቻርለስ ዳርዊንና አልፍሬድ ዋላስ እ.ኤ.አ. በ1858 በጋራ አቀረቡት፤ ዳርዊን በዓመቱ በመጽሐፍ አስፋፋው። የጎጃም ደጋ፣ የዓባይ ሸለቆና የጣና ሐይቅ ይህን ሂደት በአንድ አካባቢ ያሳያሉ።

የመነጠል ዓይነቶች

ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ ይከባል። በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ሸለቆው ከ1,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ከላይ ደጋ፣ ከታች ቆላ ነው። ይህ ገደል ለንስር መሰናክል አይሆንም፤ ብርድ ለለመደ ትንሽ የደጋ እንስሳ ግን ሙቀቱም ወንዙም ያግደዋል። ስለዚህ አንድ ቦታ ለአንዱ ዝርያ መንገድ፣ ለሌላው ግድግዳ ሊሆን ይችላል።

መነጠል ብቻውን ጠቃሚ ለውጥ አያመጣም። የተነጠለው ወገን ጥቂት ከሆነ አንዳንድ ጠባዮች በአጋጣሚ ብቻ ሊበዙ ወይም ሊጠፉ ይችላሉ። ከአካባቢው ጋር የሚስማማውን የሚለየው ምርጫው ነው።

የጮቄ ተራራ

ከደብረ ማርቆስ በስተ ሰሜን የሚገኘው ጮቄ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። የውርጭ አገር ዕፅዋትና እንስሳት እዚህ ሲኖሩ ዙሪያቸው ሞቃትና የታረሰ መሬት ስለሆነ፣ ተራራው በየብስ መካከል እንዳለ ደሴት ነው። በቀዝቃዛዎቹ የበረዶ ዘመናት የውርጩ ቀበቶ ወደ ታች ወርዶ ነበር፤ አየሩ ሲሞቅ ወደየጫፉ ተመለሰ።

በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅለው ጅብራ ጮቄ፣ ጉናና ሰሜን ተራሮች ላይ ይገኛል። ለብዙ ዓመታት ካደገ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ፣ ጥቃቅን ዘሮቹን በትኖ ይደርቃል። በኬንያና በኪሊማንጃሮ ተራሮች ዘመዶቹ የራሳቸውን ዝርያ መሥርተዋል። በደቡብ አሜሪካው የአንዲስ ተራሮች ደግሞ ከጅብራ ጋር የሥጋ ዝምድና የሌላቸው ዕፅዋት ተመሳሳይ ቁመናና የተደረደረ ቅጠል አውጥተዋል። ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ውርጭ የሆነበት አየር በሁለቱም ዘንድ ተመሳሳይ ቅርጽን መርጧል።

የጣና ነጭ ዓሦች

ከጣና 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኘው የ40 ሜትር ገደማው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ዓሣ ከታች ወደ ሐይቁ እንዳይወጣ ያግዳል። በናይል የሚገኘው ትልቁ ዓሣ በል፣ የናይል ፐርች፣ ጣና ውስጥ የለም። ከሐይቁ ወለል የተወሰደው ደለል እንደሚያሳየው፣ ጣና ከ15,000 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በድርቅ ደርቆ ነበር። ውኃው ሲመለስ ያልተያዘ ሰፊ መኖሪያ ተከፈተ።

በአካባቢው ነጭ ዓሣ ከሚባሉት ሐይቁ ውስጥ 15 ያህል ዝርያዎች ተለይተዋል፤ የኔዘርላንድሱ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በስፋት አጥንተዋቸዋል። የአፋቸው አቀማመጥና የአካላቸው ቅርጽ እንደየምግባቸው ይለያያል። ግማሽ ያህሉ ሌላ ዓሣ ይበላሉ፤ በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የሌለው ወገን ስለሆነ ይህ ያልተለመደ ነው።

እዚህ የሚለያያቸው ገደል የለም፤ ሐይቁ አንድ ነው። ከፊሎቹ በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ወጥተው ይራባሉ፤ ሌሎቹ ከሐይቁ እንደማይወጡ ይታመናል። ወንዝ ከሚወጡትም መካከል የመራቢያ ጊዜና ቦታ ይለያያል። ይህም የመነጠል ዓይነት ነው። የዘር መረጃቸው ግን ገና እጅግ ተቀራራቢ በመሆኑ፣ ልዩነቱ በቅርብ የተጀመረ መሆኑን ያመለክታል።

የመነጠል አደጋ

ዝርያን የሚፈጥረው መነጠል ዝርያን ለጥፋት ያጋልጣል። ቀይ ቀበሮ በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ፣ በአርሲና በባሌ ሲኖር፣ ከጮቄ ግን ጠፍቷል፤ ሌላ ቀበሮ ከሌላ ተራራ መጥቶ ቦታውን ሊተካ አይችልም። እርሻና ግጦሽ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የውርጩ ቀበቶ ይጠባል፤ ከጫፉ በላይ መሸሻ የለም።

በጣናም በሞተር ጀልባና በመረብ ማጥመድ ከ1980ዎቹ ዓ.ም. እኩሌታ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲስፋፋ፣ ለመራባት ወደ ወንዝ አፍ የሚሰበሰቡት ነጭ ዓሦች ክፉኛ ቀንሰዋል። የፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ ተመሳሳይ የዓሣ ቤተሰብ ባዕድ ዓሦች ከገቡ በኋላ አብዛኛው ጠፍቷል። በመራቢያ ወራት የወንዝ አፎችን ከመረብ መጠበቅ፣ ባዕድ ዓሣንም ወደ ሐይቁ አለማስገባት ለጣና ይህ ዕጣ እንዳይደርስ ይረዳል።