የፕሮሰሰር ሙቀትና የጠረጴዛ ኮምፒዩተር፦ አጭር ታሪክ

ኮምፒዩተርና ሙቀት አብረው የተወለዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1946 በፊላደልፊያ ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ 18,000 የሚጠጉ ቫልቮችን የያዘና 150 ኪሎዋት ያህል ኃይል የሚወስድ መሣሪያ ስለ ነበረ፣ መሐንዲሶቹ ከስሌቱ ጎን ለጎን ትኩሱን አየር ጠርገው የሚያስወጡ ታላላቅ ማራገቢያዎችን ለመትከል ተገደዋል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወደ መሣሪያው የሚገባው የኤሌክትሪክ ኃይል በመጨረሻ ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ ከዚህ ሕግ ያመለጠ ኮምፒዩተር እስከ ዛሬ አልተሠራም።

ትራንዚስተር በ1947 በቤል ላቦራቶሪ ከተፈለሰፈ በኋላ ሸክሙ ለጊዜው ቀለለ። በ1971 የወጣው የኢንቴል 4004 ፕሮሰሰር 2,300 ትራንዚስተሮችን ይዞ ሳለ ልዩ ማቀዝቀዣ አላሻውም። በ1981 ለገበያ የቀረበው የአይ ቢ ኤም የግል ኮምፒዩተርም ማራገቢያው በኃይል ሰጪው ሣጥን ውስጥ ሲሆን፣ ፕሮሰሰሩ ግን ራቁቱን ይሠራ ነበር።

ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቹ በ1974 ባወጡት ጽሑፍ፣ የትራንዚስተሩ መጠን ሲያንስ ቮልቴጁም በዚያው ልክ ከቀነሰ፣ በአንድ ስፋት ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ሳይጨምር ፍጥነቱ ሊጨምር እንደሚችል አስረድተው ነበር። ይሁን እንጂ ኢንዱስትሪው ከ5 ቮልት ለመላቀቅ ዘገየ። በ1993 የወጡት የመጀመሪያዎቹ ፔንቲየሞች በ60 እና በ66 ሜጋኸርዝ፣ አሁንም በ5 ቮልት እየሠሩ፣ 15 ዋት ገደማ ሙቀት ያወጡ ጀመር። በፕሮሰሰር ራስ ላይ ክንፋም ብረትና ትንሽ ማራገቢያ መደረብ የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው። በተከታዩ ዓመት ቮልቴጁ ወደ 3.3 ዝቅ ሲል የዴናርድ ቃል ትክክል መሆኑ ታየ።

ቮልቴጅን ግን ያለ ገደብ ማውረድ አይቻልም። የተዘጋ በር ሥሩ ክፍት ከሆነ ጎርፍ እንደሚያሳልፍ ሁሉ፣ እጅግ የደቀቀ ትራንዚስተርም ተዘግቶ ሳለ ኤሌክትሪክ ያሾልካል፤ የሾለከውም ሥራ ሳይሠራ ሙቀት ይሆናል። በየካቲት 2004 የወጣው ፕሬስኮት የተባለው ፔንቲየም 4 የዚህ ምስክር ነው፤ ከፍተኛዎቹ ሞዴሎቹ የተመደበላቸው ሙቀት እስከ 115 ዋት ደረሰ። በዚያው ዓመት በግንቦት ኢንቴል ተተኪውን ቴጃስን ሰርዞ ፊቱን ወደ ባለ ሁለት እምብርት ፕሮሰሰሮች አዞረ። በ2006 የወጣው ኮር 2 ዱዎ በአብዛኛው በ65 ዋት ተወሰነ። በእኔ ግምት፣ በዚህ ዘርፍ ሙቀት የአንድን ታላቅ ኩባንያ እቅድ በግልጽ ያስለወጠበት ጊዜ ይኸው ነው።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ ሙያ ይበልጥ የሚጠቅመው ብዙም የማይነገርለት ክፍል ነው። ፔንቲየም 4 ሙቀቱ ከተወሰነለት ልክ ሲያልፍ የራሱን ምት እየቆራረጠ ሥራውን የሚያቀዘቅዝ መከላከያ ነበረው። መከላከያው ፕሮሰሰሩን ከመቃጠል አድኗል፤ ነገር ግን ሕመሙን ሸሸገው። ባለቤቱ የሚያየው እሳት ወይም ጢስ ሳይሆን ዝግመት ብቻ ስለሆነ፣ «አርጅቷል» ብሎ ይፈርዳል። ከመጋዘን የተጣለው መሣሪያ ሲከፈት ግን በክንፎቹ መካከል እንደ ሱፍ የተነጠፈ አቧራ፣ ከሥሩም ደርቆ የተሰነጠቀ ቅባት ሊገኝ ይችላል። ቅባቱ የተቀመጠው በሁለቱ ብረቶች መካከል የሚቀረውን ጥቃቅን የአየር ክፍተት እንዲሞላ ነው፤ አየር ሙቀትን ክፉኛ ያግዳልና። አሮጌው በአልኮል ተጠርጎ የሽምብራ ፍሬ የማታህል አዲስ ቅባት ብትተካ ይበቃል፤ አብዝቶ መለቅለቅ ራሱ ሙቀትን ያግዳል።

ለአዲስ አበባ ባለሙያ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ በመቀመጧ የአየሩ ግፊት ሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ያው ማራገቢያ በያው ፍጥነት እየዞረ የሚያሳልፈው አየር የሣሣ፣ የሚሸከመውም ሙቀት ያነሰ ነው። በባሕር ዳርቻ አገር ቸል ሊባል የሚችል አቧራ እዚህ ቸል አይባልም።

ከ2004 ወዲህ በመጣው 775 በተባለው መሰኪያ ላይ ማቀዝቀዣው የሚያዘው በአራት የፕላስቲክ ካስማዎች ነው። ከአራቱ አንዱ በደንብ ካልተቆለፈ ብረቱ ያዘነብላል፤ አዲሱ ቅባትም ከንቱ ይሆናል። ከዚያ በፊት በነበረው 478 መሰኪያ ደግሞ የደረቀው ቅባት ፕሮሰሰሩን ከብረቱ ጋር አጣብቆ ስለሚይዝ፣ ኮምፒዩተሩን ለጥቂት ደቂቃ አሠርቶ ቅባቱን ማለስለስ፣ ከዚያ ኃይሉን ነቅሎ ብረቱን ቀስ ብሎ ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ማላቀቅ ያስፈልጋል፤ በጉልበት ሽቅብ የሳበው ሰው ፕሮሰሰሩን ከነእግሮቹ መንግሎ ሊያወጣው ይችላል።