ለዓይን የሚታይ፣ ለጆሮ የማይሰማ መጽሐፍ

ለዓይነ ስውራን ከኢንተርኔት የአማርኛ መጽሐፍ ስፈልግ መጀመሪያ የማየው አንድ ነገር ነው፦ ፎቶ ነው ወይስ ጽሑፍ? ይህ ጥያቄ ታሪክ አለው።

በብሬል ዘመን ችግሩ የመጽሐፉ ውፍረት ነበር፤ አማርኛ በብሬል ሲጻፍ አንዱ ፊደል ብዙ ጊዜ ተነባቢና አናባቢ ሆኖ ለሁለት ይከፈላል። ኮምፒውተር ሲመጣ ደግሞ እያንዳንዱ ፎንት የራሱን ኮድ ይዞ መጣ። ለዓይን «ሀ» የሚመስለው ለማሽኑ የላቲን ፊደል ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ በዩኒኮድ የተተየበውን ኤንቪዲኤ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ጮክ ብሎ ያነብበዋል። በስካነር የተነሳ ገጽ ግን ለእሱ ሥዕል ብቻ ነው።

ሕጉም ቢሆን መንገድ ከፍቷል። በ2013 የተፈረመው የማራኬሽ ስምምነት ለማየት ለተሳናቸው የሚሆን ቅጂ ያለ ደራሲው ፈቃድ እንዲዘጋጅና ድንበር እንዲሻገር ያስችላል፤ እስራኤልም ኢትዮጵያም ገብተውበታል።

የቀረው የእኛ ሥራ ነው። ከሽማግሌዎቻችን የሰበሰብነውን ታሪክ ስናወጣ ፎቶውን ብቻ ሳይሆን የተተየበውንም እናስቀምጥ። ዓይናቸው የደከመ አባቶችና እናቶች ራሳቸው የነገሩንን መልሰው መስማት አለባቸው።